በሰቆጣ በሮች ላይ የበየድኳቸው የዳዊት ኮከቦች

ሰቆጣ ወደሚገኘው የአያ ሀብቴ ብየዳ ቤት የገባሁ ቀን ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዝቋላ በእግሬ ነው የመጣሁት። ማሽላው ለሁለተኛ ዓመት እሸት ሳይሆን ደርቆብን፣ ፍየሎቹም ከስተው፣ ባለቤቴን ጽጽቃ ከተማ ከእናቷ ጋር ትቼ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ቀን ሥራ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ብረት እበይዳለሁ ብዬ አላሰብኩም።

አያ ሀብቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የበር ማጠፊያ ይሞርዱ ነበር። ቀና ብለው እጄን አዩት።

«ብረት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ማረሻ አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ማረሻን ማን ይሠራልሃል?»

«ቀጥቃጩ።»

«እንግዲያ አታውቅም ማለት ነው። ግባና እነዚያን ቁርጥራጮች በየመጠናቸው ደርድራቸው።»

እስከ ምሳ ሰዓት ደረደርኩ። ቱቦላሬውን ከቱቦላሬው፣ አንጎላሬውን ከአንጎላሬው፣ ፌሮውን ከፌሮው አደረግሁ። ስማቸውን ገና አላውቅም ነበር፤ በቅርጻቸው ነው የለየኋቸው፤ ቱቦላሬው ውስጡ ባዶ፣ አንጎላሬው ባለ ማዕዘን፣ ፌሮው ድፍን ዘንግ ነው። አያ ሀብቴ መጥተው አዩና መጥረጊያ ሰጡኝ። ተቀጥሬያለሁ ማለት መሆኑን የነገረኝ ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሠራተኛ ነው።

ቤቱ ውስጥ የሥራ ደረጃ ነበረ። አዲስ ገቢ ይደረድራል፣ ይጠርጋል፣ የተበየደውን ያጸዳል። ከዚያ ቆራጭ ይሆናል፤ የብረት መጋዙን ሴጌቶና ሞረድ ይይዛል። ከዚያ ረዳት ይሆናል፤ በያጁ ሲበይድ ብረቱን ያዝ ያደርጋል። ከዚያ በያጅ ይሆናል። ከሁሉም በላይ አያ ሀብቴ አሉ። ሥራውን ደሴ ተምረው የመጡ፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች በቃጠሎ የታጠፉ ሰው ነበሩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የላሜራ በር መሬት ላይ ተጋድሞ አየሁ። መሐሉ ላይ ከጠፍጣፋ ብረት የተሠራ ኮከብ ተበይዶበታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የዳዊት ኮከብ» አሉኝ።

«በር ላይ ለምን ይደረጋል?»

«ሰው ስለሚወደው።»

እኔም ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ።

ቆራጭ የሆንኩት በስድስተኛው ወር ነው። አያ ሀብቴ ጠመኔ ሰጥተው፣ አንድ ቁራጭ ላሜራ ላይ ኮከብ ንደፍ አሉኝ። ነደፍኩ። እጄን ሳላነሳ አንድ ጊዜ አዙሬ ዘጋሁት፤ ቆንጆ መሰለኝ።

«ጫፉን ቁጠር» አሉኝ።

ቆጠርኩ። አምስት ነበር።

«ይሄ ሌላ ኮከብ ነው። የዳዊት ስድስት ነው። ሁለት ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።»

ሁለት ሦስት ማዕዘን በዓይን ግምት ነደፍኩ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆነ። ደገምኩት፤ ጋደለ። በሦስተኛው አያ ሀብቴ ጠመኔውን ተቀበሉኝ። ምስማር መሐል ላይ መቱ፤ ሽቦ አሰሩበት፤ የሽቦውን ጫፍ ይዘው ክብ አዞሩ። ከዚያ ሽቦውን ሳያሳጥሩ፣ ሳያስረዝሙ፣ በዚያው ርዝመት የክቡን ጠርዝ ይለኩ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ምልክት አደረጉ። ስድስተኛው ልኬት ልክ መጀመሪያው ምልክት ላይ አረፈ። ቅንጣት አልተረፈም፣ ቅንጣት አልጎደለም።

አፌን ከፍቼ አየሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አላየሁም። ክብ ነገር በራሱ ልክ ለስድስት እኩል እንደሚከፈል ያን ቀን አወቅሁ። ምሳዬን ትቼ የራሴን ምስማር መታሁ፤ በትልቅም በትንሽም ሽቦ ሞከርኩት፤ ሁልጊዜ ስድስት ሆነ። ለባለቤቴ ለመንገር ወደ ጽጽቃ እስክሄድ አንድ ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ። እየሳቅሁ ስነግራት በቋንቋችን በኽምጣኛ «ለዚህ ነው እንዲህ የሳቅከው?» አለችኝ። ለዚህ ነበር።

ኮከቡ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነም እዚያው ተማርኩ። የላሜራ በር ሰፊና ስስ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል። ጀርባው ላይ ብረት ካልተሻገረበት በዓመቱ ይላላል። አያ ሀብቴ አንድ ቀን ከፌሮ አራት ማዕዘን ሠርተው ጫፍና ጫፉን ይዘው ገፉት፤ ተጣመመ። ሦስት ማዕዘን ሠርተው ገፉት፤ ፍንክች አላለም።

«ሁለቱን ስታነባብራቸው በሩን ይይዙልሃል» አሉኝ። «ባለቤቱ ለዓይኑ ይወደዋል፤ አንተ ለሥራህ ትወደዋለህ።»

በያጅ በሆንኩ ጊዜ ከተማው እየሰፋ ነበር። ልጆቻቸው አረብ አገር የሄዱላቸው ገበሬዎች ሰቆጣ ላይ ቤት መሥራት ጀመሩ። ቤቱ ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ በሩ የብረት እንዲሆን ይፈልጋሉ። በሩ ላይ ደግሞ አንበሳ የሚል አለ፣ መስቀል የሚል አለ፣ አበባ የሚል አለ። የሚበዛው ግን ኮከብ ይል ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ በረከት ነው ይላል፤ አንዱ የነገሥታቱ ምልክት ነው ይላል፤ አንዷ እናት ልጇ ስትመለስ ቤቱን ከሩቅ እንድትለየው ብላኛለች። ብዙዎቹ «ያምራል» ብለው ያልፉታል።

አንዴ ዓይኔ ከለመደው በኋላ የማላየው ቦታ አልነበረም። የባጃጅ መስታወት ላይ ተለጥፎ አየሁት። በዓል ሲወጣ የድባብ ጥልፍ ላይ አየሁት። ገበያ ላይ የስፌት ሻጮች የመሶብ ክዳን ላይ አየሁት፤ በቀይና በጥቁር ስንደዶ ከመሐል ተነሥቶ እየሰፋ ይሄዳል። ሻጯን «እንዴት አድርገሽ እኩል አወጣሽው?» ብላት፣ ዙሩን ቆጥራ እንደምትከፍለው ነገረችኝ። ምስማርም ሽቦም የላትም። በጣቷ ነው የምትቆጥረው።

የመጀመሪያውን ትልቅ ስሕተቴን የሠራሁት በሀጂ እንድሪስ በር ነው። ሀጂ እንድሪስ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ከአንድ ቄስ ጋር አጥር ይጋራሉ። ለቄሱ ባለ ኮከብ በር ሠርቼ ነበር። ሀጂም መጥተው «በር ሥራልኝ፣ እንደ ጎረቤቴ አሳምረው» ብለው ሄዱ። እኔ በራሴ አሰብኩ። እስላም ናቸው፣ የዳዊት ኮከብ አይሆናቸውም አልኩና ቀጥ ያሉ መስመሮች አደረግሁበት። በሩን ስናቆም ሀጂ ዙሪያውን ዞሩት።

«ለጎረቤቴ ያደረግኸው የት አለ?»

«ኮከቡ? እሱማ የዳዊት ነው ብዬ …»

«ዳዊት ለእኔ ማነው መሰለህ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነበር። «ነቢዩ ዳውድ ነው። እኛ ቤት ምልክቱን የልጁ የሱለይማን ማኅተም እንለዋለን። ና ግባ።»

ይዘውኝ ገቡ። ጓዳቸው ውስጥ የአባታቸው የእንጨት ሣጥን ነበረ። ክዳኑ ላይ በናስ ምስማር የተመታ ኮከብ አለበት። ጫፎቹን ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው። በማግስቱ መስመሮቹን በሴጌቶ ቆርጬ አወጣሁና የሣጥኑን ኮከብ ወደ በሩ ገለበጥኩት። ሁለቱ ጎረቤቶች አንድ ዓይነት በር ኖራቸው። ቄሱ ሲያዩት «ሀጂ፣ በሬን ሰረቅከኝ» ብለው ቀለዱ፤ ሀጂም «አንተ ከአባቴ ሣጥን ነው የሰረቅኸው» አሏቸው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ለአንድ ደብር አጥር በር ስሠራ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ከተማ ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይሄ የሌላ አገር ባንዲራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ላይ ምን ይሠራል?» አለኝ። መሣሪያዬን አስቀምጬ መሪጌታውን ጠራኋቸው።

መሪጌታው ከወጣቱ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ዳዊት ከባንዲራ በፊት ነበረ» አሉት። ቀጥለውም ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። «ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ምልክቱ መቼ በስሙ እንደተጠራ እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ አይነግረኝም። እኛ ከአባቶቻችን አገኘነው። የድሮው በራችን ላይ በመጥረቢያ ተቀርጾ ነበር፤ ምስጥ በላው። አሁን ይህ በያጅ፣ ሞላ፣ በብረት እየመለሰው ነው።»

ወጣቱ የድሮውን በር ማየት ፈለገ። ከዕቃ ቤት አወጡለት። ግማሹ ዱቄት ሆኗል፤ ቀሪው ላይ ሦስት ጫፍ ይታያል። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። አናጢው ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች እንደ ገመድ አጠላልፏቸው ነበር፤ አንዱ በላይ አልፎ ቀጥሎ በታች ያልፋል። እኔ ሁልጊዜ አንዱን በአንዱ ላይ ጭኜ ነበር የምበይደው። ያን ቀን የጀመርኩትን ኮከብ ፈታሁት፤ ብረቱን በየመገናኛው አግዬና አጎብጬ እንደ አናጢው አጠላለፍኩት። አንድ ሙሉ ቀን ወሰደብኝ። ከሠራኋቸው ሁሉ አንደኛ ነው እላለሁ።

አያ ሀብቴ ዓይናቸው ሲደክም ብየዳ ቤቱን ለእኔ አስረከቡኝ። ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ነበራቸው። ያስረከቡኝ ቀን የተናገሩት ሁለት ነገር ነው። የብየዳ መነጽር ሳታደርግ አንድም ነጥብ እንዳትበይድ አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው አታባርር አሉኝ። ሁለቱንም ጠብቄያለሁ። እሳቸው በሰላም አርፈዋል፤ ጦርነቱን አላዩም።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልጽፍም። ከከተማው ወጥተን ቆየን። ስንመለስ ብየዳ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ማሽኑም፣ ብረት ማሰሪያው ሞርሳም፣ ብረቱም የለም። መብራት አልነበረም። ሥራ የጀመርኩት በተዋስኩት ጀነሬተርና ከወልድያ በአውቶቡስ በመጣ አሮጌ ማሽን ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሥራ አዲስ በር አልነበረም። በጥይት የተበሳ በር ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር የግቢውን በር ተሸክሞ መጣ፤ አምስት ቀዳዳ አለበት።

«ድፈንልኝ፤ ልጆቹ በቀዳዳው እያዩ ይፈራሉ» አለኝ።

ክብ ላሜራ ቆርጬ ለጠፍኩበት። እብጠት መሰለ። ሹፌሩም ፊቱን አኮሳተረ። አሰብኩና ክቡን ፈትቼ የመዳፍ ስፋት ያላት ትንሽ ኮከብ ቆረጥኩ። ቀዳዳው ላይ በየድኳት፤ ቢጫ ቀባኋት። አምስቱንም እንዲያ አደረግሁ። ሹፌሩ ራቅ ብሎ አየና «አሁንስ ከበፊቱ አማረ!» አለ።

ወሬው ተዛመተ። በር የሚያመጣልኝ ሰው ተሰለፈ። ለአስተማሪ፣ ለሱቅ፣ ለፀጉር ቤት፣ ለክሊኒክ ሠራሁ። አንዳንዱ በር አሥር ኮከብ ወጣው። መንገድ ላይ ስሄድ ግራና ቀኙ ኮከብ ነው። ሰዎች ትከሻዬን መታ እያደረጉ «ሞላ፣ ከተማውን ሰማይ አስመሰልከው» ይሉኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። ጥሩ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ስለዚህ መጠየቅ ተውኩ። በር ሲመጣ ቀዳዳውን ቆጥሬ ኮከብ እቆርጣለሁ።

እትዬ ዘነበች ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለው ሠፈር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። አንድ ወንድ ልጃቸው በጦርነቱ ሞቷል፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሴት ልጃቸው አዝመራ አረብ አገር ነበረች። አንድ ጎረቤታቸው መጣና «የእትዬ ዘነበች በር እንደተበሳሳ ነው፤ እሳቸው ዝቋላ ዘመድ ጋ ሄደዋል፤ ሳይመለሱ ሥራላቸውና እናስደስታቸው» አለኝ። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። በሩን ነቅለን አመጣነው።

ሦስት ቀዳዳ ነበረው። ሁለቱ ዳር ዳር ናቸው፤ አንዱ መሐል፣ ከሰው ደረት ከፍታ ላይ ነው። ለመሐለኛው ከሁሉ የበለጠችውን ኮከብ ሠራሁ። እንደ ደብሩ በር አጠላለፍኳት፤ ሁለት ጊዜ ቀባኋት። በሩን መልሰን ገጠምነውና የሚመለሱበትን ቀን ጠበቅሁ።

ሲመጡ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ከነሻንጣቸው ቆሙ። በሩን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ማን አዘዘህ?» አሉኝ።

«ጎረቤትዎ ነው … ላስደስትዎ ብለን ነው፣ እትዬ።»

«ልጄ እኮ በዚህ በር ኋላ ነው የወደቀው። ሊዘጋ ሄዶ። በዚህች በገባ ጥይት» አሉና ጣታቸውን ወደ መሐለኛዋ ኮከብ ዘረጉ፤ ግን አልነኳትም። «አንተ ጌጥ አደረግህባት።»

ልጃቸው መሞቱን እንጂ የት እንደሞተ አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁም። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጎረቤትየው ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት እጁን ይዤ አስቆምኩት።

«ይቅር ይበሉኝ። አሁኑኑ አነሳዋለሁ» አልኳቸው። «ቀዳዳው እንደነበረ ይታይ ነው የሚሉኝ?»

«ቀዳዳውም አይታይ፤ ኮከቡም አይታይ። እንደ ድሮው በር ይሁን። ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር እችል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሥራውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስስ ላሜራ ላይ ጠጋኝ መለጠፍ ቀላል ነው፣ ምልክት ሳይተው መድፈን ግን ሌላ ነው። ብየዳው ሲሞቅ ላሜራው ይቃጠላል፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ካልተቃጠለም ይኮማተራል፤ በሩ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ይሆናል። ኮከቦቹን በግራይንደር ቆርጬ አነሳሁና መጀመሪያ ከዳሮቹ አንዱን ሞከርኩ። ተቃጠለ። ጣት የሚያህለው ቀዳዳ የእንቁላል ያህል ሆነ።

ያን ቀን ብየዳ ቤቱን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አዲስ ላሜራ ለውጬ መስጠት እችል ነበር። ግን እንደ ድሮው በር ይሁን ነው ያሉኝ፤ ሌላ በር ይሁን አላሉኝም።

በማግስቱ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ መዳብ አውጥቼ ቀጠቀጥኩና ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሠራሁ። መዳብ ሙቀቱን ይጠጣል፤ ብየዳም አይይዘውም። ከበሩ ጀርባ አስደገፍኩት። ቀዳዳውን በሞረድ አስተካክዬ፣ በልኩ ቁራጭ ላሜራ ቆርጬ ሞላሁት። የማሽኑን ኃይል ዝቅ አደረግሁ፤ ቀጭኑን ኤሌክትሮድ ያዝኩ። አንድ ነጥብ እበይዳለሁ፤ መዳፌን አስጠግቼ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፤ በተቃራኒው ወገን ሌላ ነጥብ እበይዳለሁ። ጀነሬተሩ ሲንተፋተፍ አቆማለሁ። አንዷን ቀዳዳ ለመድፈን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መሐለኛዋን ለመጨረሻ አስቀረኋት፤ እሷን ስሠራ ማንም እንዲያናግረኝ አልፈለግሁም።

ከዚያ ሞረድኩ። ወለል ማስተካከያውን ስቱኮ ቀባሁ፤ አደረቅሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤ ደግሜ ቀባሁ፤ ደግሜ ፈተግሁ። የበሩ የድሮ ቀለም የደበዘዘ አረንጓዴ ነበር። አዲሱ አረንጓዴ በጣም አበራብኝ፤ ጥቂት ግራጫ ጨመርኩበት። በአራተኛው ቀን በሩን ተሸክመን ወሰድነው።

እትዬ ዘነበች ቀረብ አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑና መዳፋቸውን በሩ ላይ አደረጉ። ከላይ ወደ ታች ወሰዱት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰዱት። መሐሉ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ዘገየ። አለፈ። ተመለሰ። ደግሞ አለፈ።

«የቱ ጋ ነበር?» አሉኝ።

እኔ የቱ ጋ እንደነበር አውቃለሁ። ዛሬም አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም።

እዚያው ቆመው አለቀሱ። ጎረቤትየውም አለቀሰ። ከዚያ በሩን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። «ጠዋት ጠዋት በዚያች ቀዳዳ ብርሃን ይገባ ነበር» አሉኝ። «እሷን ላለማየት ነው ሰው ቤት የማድረው። ዛሬ ቤቴ አድራለሁ።»

ቤታቸው አደሩ። ጎረቤትየው በማግስቱ ጠዋት ሊነግረኝ እየሮጠ መጣ።

እኔ ግን ስለ ሌሎቹ በሮች ማሰብ ጀመርኩ። ከመቁረጤ በፊት ስንቱን ጠይቄ ነበር? ሥራ የምመዘግብበትን ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። «ኮከቡን ሳልጠይቃችሁ ነው ያደረግሁት፤ ይቆይ ወይስ ላንሳው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ሳቁብኝ። የባጃጅ ሹፌሩ «ልጆቼ ቁጥር የተማሩበትን ልታነሳ ነው?» አለኝ። ሀጂ እንድሪስ ኮከብ እንድጨምርላቸው ፈለጉ። አንድ አስተማሪ ግን «ጠይቀኸኝ ቢሆን እንቢ እል ነበር፤ ለሰው ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። የእሱን እንደ እትዬ ዘነበች በር አደረግሁት። አሁን መዳቡን ስለማውቅበት ፈጣን ሆኛለሁ። በጠቅላላው አራት ቤት ኮከብ አነሳሁ። አራቱም በውስጣቸው የያዙትን ነገር የነገሩኝ ከጠየቅኋቸው በኋላ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዝመራ ከአረብ አገር ተመለሰች። ስፌት ተምራ ነው የመጣችው፤ አንድ የስፌት መኪና ይዛለች። የእናቷን የፊት ክፍል ልብስ ስፌት ቤት ልታደርገው አሰበች። ወደ መንገድ መስኮት ተከፈተ፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ይፈልጋል።

አንድ ጠዋት እናትና ልጅ ብየዳ ቤት መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው። እንደ ልማዴ ደብተሬን ከፈትኩ።

«ምን ዓይነት ይሁን? ምንስ እንዳይኖርበት ትፈልጋላችሁ?»

አዝመራ «ብርሃን እንዳይከለክለኝ እንጂ እኔ ግድ የለኝም» አለች።

እትዬ ዘነበች ጠመኔዬን ከጠረጴዛው አነሱ። መሬቱ ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት ሦስት ማዕዘን አነባበሩ። ትንሽ ጋደለ።

«ኮከብ አድርግልኝ» አሉ።

«እትዬ … እርግጠኛ ነዎት?»

«ያኔ ሳልጠራው አንተ አመጣህብኝ። አሁን እኔ ነኝ የጠራሁት። ልጄ የምትሠራበት መስኮት ነው፤ እንዲያምርላት።»

ፍርግርጉን ስሠራ አዝመራ ሁለት ጊዜ መጥታ አየች። ኮከቡ መሐል ላይ ከሆነ ጥላው የስፌት መኪናዋ ላይ እንደሚያርፍ ነገረችኝ፤ እውነቷን ነበር። ወደ ላይ ከፍ አደረግሁት፤ የታችኛውን ብረት አሳሳሁት። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ የኮከቡ ጥላ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ጨርቁ ላይ አያርፍም።

ዛሬ ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲፈልግ «ኮከብ ያለበት መስኮት ጋ ሂድ» ይባላል። አዝመራ ሁለት ልጃገረዶች ቀጥራለች። ወደ አረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት ያወጣች አንዲት የዝቋላ ልጅ እዚያ ሙያ እየለመደች ነው፤ መሄዷን ለጊዜው ትታዋለች። እትዬ ዘነበች ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። ሳልፍ «ሞላ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው፣ እትዬ» እላቸዋለሁ።

እኔ አሁን ግማሽ ቀን ነው የምሠራው፤ ጀርባዬ አያጎነብስልኝም። ብየዳውን ለሠራተኞቼ ትቼላቸው ትእዛዝ እቀበላለሁ። ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ በር ሁለት መስመር አለ። አንዱ ባለቤቱ የሚፈልገው ነው፤ ሌላው የማይፈልገው። ሁለተኛው መስመር ባዶ ሆኖ የገባ ትእዛዝ ወደ ቆራጩ አያልፍም። ለሠራተኞቼ ሁልጊዜ የምላቸው ይህን ነው፦ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከዚያ ለኩ።